ሠረዘ፣ ፋቀ፣ ደመሰሰ፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ለሌላ ሰው ከመስጠት በፊት ስለሚነገሩ ግሦች የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

አንድ የሙያ ቃል ሥራውን በሚገባ አከናወነ የሚባለው ለጆሮ ስለተስማማ ወይም ሥሩ ከግእዝ ስለተመዘዘ ብቻ አይደለም። ቃሉን አንብቦ አንድ ተግባር የሚፈጽም ሰው፣ የፈጸመው ተግባር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለይቶ እንዲያውቅ ሲያደርገው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ቃላት በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም፣ ይህ መለኪያ አጥብቆ የሚፈትናቸው ናቸው። እነርሱም አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ሲገለገልበት የኖረውን ኮምፒዩተር ለዘመድ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለገዢ አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት፣ በውስጡ የሚገኘውን የግል መረጃ ስለ“ማጥፋት” የሚነገርባቸው ግሦች ናቸው።

ጉዳዩ በቃላት ምርጫ ብቻ ተወስኖ የሚቀር እንዳልሆነ መግለጽ አያስፈልግም ይሆናል። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ የመታወቂያና የፓስፖርት ቅጅ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሕክምና ውጤት፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍና ለሌላ ሰው ዐይን ያልተጻፈ ደብዳቤ አብረው ይገኛሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች ወደ አገር ቤት የሚልኩት ላፕቶፕም ሆነ፣ በከተሞቻችን ባሉ ሱቆች የሚሸጠው ያገለገለ ኮምፒዩተር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ የቀድሞው ባለቤት የታመነው በአንድ ግሥ ነው። “አጥፍቼዋለሁ” ብሎ ሰጥቷል። በአገራችን ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ፣ ይህ ግሥ በሕግና በመመሪያ ቋንቋም ኀላፊነትን የሚያስከትል ሆኗል።

የእኛ ሂስ በአጭሩ ይህ ነው። በአማርኛ በሚዘጋጁ የኮምፒዩተርና የስልክ ገጾች፣ የአጠቃቀም መመሪያዎችና ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ፣ በመሣሪያው ዘንድ እጅግ የተለያዩ ሦስትና አራት ተግባሮች በአንድ ወይም በሁለት ግሦች ተጠቅልለው ይቀርባሉ። ከዚህም የተነሣ አንባቢው ያልተፈጸመውን እንደተፈጸመ አድርጎ ያምናል። ይህ የሆነው ደግሞ አማርኛ ቃል አጥሮት አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳዩት ቃላት በብራና ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ላይ ከጥንት ጀምሮ ተዘጋጅተው ይገኛሉ።

2. መሣሪያው በእርግጥ የሚያደርገው

ስያሜን ከመተቸት በፊት የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህም ተግባሮቹን በአጭሩ እንመለከታለን።

ሀ) ተጠቃሚው አንድን ፋይል “ዲሊት” ሲያደርግና ቅርጫቱንም ባዶ ሲያደርግ፣ በተለመደው የሃርድ ዲስክ አሠራር የፋይሉ ይዘት አይነካም። የሚለወጠው ማውጫው ነው። ለዚህ ከሁሉ ግልጽ የሆነው ማስረጃ ፋት ተብሎ የሚጠራው የፋይል አያያዝ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ፋይል ሲወገድ በማውጫው ውስጥ ባለው የፋይሉ ስም የመጀመሪያ ፊደል ቦታ አንድ የተወሰነ ምልክት ይገባል፤ ይዘቱ የተጻፈበት ሥፍራም “ክፍት ነው” ተብሎ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ኤምኤስ ዶስ 5 የተወገደ ፋይል መመለሻ ትእዛዝ ነበረው። ትእዛዙ ተጠቃሚውን የሚጠይቀው ያቺኑ የጠፋችውን የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዲነግረው ነበር። ከፋይሉ በእርግጥ የጠፋው እንግዲህ አንድ ፊደል ነው ማለት ይቻላል። ቀሪው ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል።

ለ) “ፎርማት” የሚባለው ተግባር ሁለት መልክ አለው። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን አዲስ አድርጎ ከመዘርጋት አያልፍም። ሙሉው ፎርማት ግን ትርጉሙ ከዘመን ዘመን ተለውጧል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ሙሉ ፎርማት የተበላሸ ሥፍራ መኖሩን ለማወቅ ዲስኩን ያነብ ነበር እንጂ በላዩ አይጽፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ግን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላል። ስያሜው ሳይለወጥ የተሰየመው ነገር ስለተለወጠ፣ ለሙያ ቃላት አጥኚ ይህ ሊመዘገብ የሚገባው ምሳሌ ነው።

ሐ) በላዩ መጻፍ ሦስተኛው ተግባር ነው። ይኸውም በዲስኩ ላይ ባለው ጽሑፍ ሁሉ ላይ ዜሮ ወይም ሌላ ምልክት መጻፍ ማለት ነው። ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረበው ጥናት፣ በጊዜው ለነበሩት የዲስክ ዐይነቶች ሁሉ እንዲያገለግል ታስቦ የተዘጋጀ የ35 ጊዜ ድግግሞሽ ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን ቁጥር እንደ ሥርዓተ ጸሎት ይዘውት ቀርተዋል፤ ጉትማን ራሱ ግን ለኋለኞቹ ዲስኮች 35ቱን ሁሉ መደጋገም ትርጉም እንደሌለው ገልጿል። ለመግነጢሳዊ ሃርድ ዲስክ በሚገባ የተፈጸመ አንድ ጊዜ በላዩ መጻፍ በአብዛኛው እንደሚበቃ የዛሬ መመሪያዎች ይናገራሉ።

መ) ኤስኤስዲ በሚባሉት ዲስኮች ይህም አይበቃም። እነዚህ ዲስኮች ሕዋሶቻቸው እኩል እንዲያረጁ ሲሉ፣ ተጠቃሚው “በዚህ ላይ ጻፍ” ያለውን በሌላ ሥፍራ ይጽፉታል፤ የቀድሞው ቅጅ ለተወሰነ ጊዜ ባለበት ሊቆይ ይችላል። የተሠረዘውን ሥፍራ በኋላ ራሳቸው የሚያጸዱበት አሠራር ቢኖራቸውም፣ ጊዜውን የሚወስነው ዲስኩ እንጂ ተጠቃሚው አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንዲየጎ፣ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ጥናት፣ አንድን ፋይል ብቻ ነጥሎ ለማጥፋት የሚያገለግሉት ዘዴዎች በእነዚህ ዲስኮች ላይ እንደማይሠሩ አሳይተዋል። ስለዚህ ለእነዚህ የሚያስፈልገው በዲስኩ ውስጥ የተሠራው የመደምሰሻ ትእዛዝ ነው። አለዚያም ጽሑፉ አስቀድሞ በምስጠራ የተጻፈ ከሆነ የምስጠራውን ቁልፍ ማጥፋት ይበቃል። ቁልፉ ሲጠፋ ጽሑፉ በቦታው ቢኖርም የሚያነበው አይገኝም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቶ በ2014 ያሻሻለው መመሪያ እነዚህን ተግባሮች በሦስት ደረጃዎች ይከፍላቸዋል። የመጀመሪያው ተጠቃሚው ሊደርስበት በሚችለው የዲስኩ ሥፍራ ሁሉ ላይ የሚፈጸምና ከተራ የመመለሻ ፕሮግራም የሚከላከል ነው። ሁለተኛው በላቀ ቤተ ሙከራ እንኳ መረጃው እንዳይመለስ የሚያደርግ ነው። ሦስተኛው ዲስኩን ራሱን መፍጨት፣ ማቅለጥ ወይም ማቃጠል ነው። ተራው “ዲሊት” ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ አለመግባቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ይህን አለማወቅ የሚያስከትለው ጉዳት በግምት የሚነገር አይደለም። ሲምሰን ጋርፊንክልና አብሂ ሼላት የተባሉ ተመራማሪዎች ከገበያ 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮችን ገዝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት እንዳስታወቁት፣ ከእነዚህ ውስጥ 129ኙ የሚሠሩ ሲሆኑ በሚገባ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ ውስጥ ከተገኙት መካከል የብድር ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃዎችና የግል ደብዳቤዎች ይገኙባቸዋል።

3. የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ

አንዳንድ ተርጓሚ “ምንጩ ያለውን አስተላለፍሁ” ብሎ ራሱን ነጻ ሊያወጣ ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ስሕተቱ የጀመረው ከምንጩ ነው። “ዲሊት” የሚለው ቃል የመጣው ጽሑፍን ፈጽሞ መደምሰስ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ነው። የመሣሪያው ሠሪዎች ስሙን ከማውጫ ለማውጣት ብቻ ይህን ከባድ ቃል ወሰዱ። ቃሉ የተናገረውን መሣሪያው አልፈጸመም። ከላይ የጠቀስናቸው 158 ዲስኮች የተሰበሰቡት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ከሆነ ሕዝብ ገበያ መሆኑ፣ ችግሩ የትርጉም ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ስለዚህ ተርጓሚው በሁለት መንገዶች መካከል ይገኛል። የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትሎ የእንግሊዝኛውን ማታለያ ወደ አማርኛ ማሻገር ይችላል፤ አለዚያም ቃሉን ትቶ ተግባሩን ሊተረጉም ይችላል። በሥነ ጽሑፍ ትርጉም የደራሲን ቃል መተው እንደ ድፍረት ሊቆጠር ይችል ይሆናል። በሙያ ቃላት ግን ታማኝነት የሚገባው ለተሰየመው ነገር ነው።

4. “አጠፋ” እና ዘመዶቹ

በዛሬው አማርኛ ከሁሉ ይበልጥ የተስፋፋው ግሥ “አጠፋ” ነው። ይህ ግሥ ሰፊ ነው። መብራት ይጠፋል፤ እሳት ይጠፋል፤ ሰው ያጠፋል፣ ማለትም ይበድላል፤ ገንዘብ ይጠፋል፤ አገር ይጠፋል። በኮምፒዩተር ረገድ ከሁሉ የከፋው ግን መሣሪያውን ራሱን ከኀይል ማቋረጥም “ማጥፋት” መባሉ ነው። ለአብነት ያህል ይህን ዓረፍተ ነገር ሠርተናል፤ “ኮምፒዩተሩን ከማስወገድዎ በፊት መረጃዎን አጥፍተው ኮምፒዩተሩን ያጥፉ።” እዚህ ላይ “አጠፋ” ሁለት ጊዜ በሁለት ትርጉም ገብቷል። ሁለተኛው “አጠፋ” ቁልፍ በመጫን ብቻ ተመልሶ የሚበራን ነገር የሚመለከት ነው። አንባቢው የመጀመሪያውን የማይመለስ፣ ሁለተኛውን የሚመለስ አድርጎ የሚረዳበት ምልክት ከዓረፍተ ነገሩ አያገኝም።

በዚያው ዓረፍተ ነገር የገባው “ማስወገድ” ደግሞ ሌላ ችግር አለው። በመንግሥት ንብረት አስተዳደር ቋንቋ “ንብረት ማስወገድ” ማለት ዕቃውን በሽያጭ፣ በስጦታ ወይም በሌላ መንገድ ከመዝገብ ማውጣት ነው። ዕቃው ለተወገደለት ወገን ሕልውናው ይቀጥላል። እንግዲህ “መረጃው ተወግዷል” የሚል ሪፖርት የቀረበለት ኀላፊ፣ መረጃው ጠፋ ወይስ ከዕቃው ጋር ለገዢው ተላለፈ ብሎ ቢጠይቅ የቋንቋ ጥፋት የለበትም።

“ሠረዘ” የሚለው ግሥ በብዙ የአማርኛ ገጾች ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ፋይልን ከማውጫ ለማውጣት፣ ሌላ ጊዜ የተጀመረን ሥራ ለመተው ሲያገለግል ይታያል። “ይህን ፋይል መሠረዝ ይፈልጋሉ?” ለሚል ጥያቄ “ሠርዝ” የሚለው መልስ ፋይሉን ነው ወይስ ጥያቄውን የሚሠርዘው? ለሁለተኛው ተግባር “ይቅር” የሚል፣ ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው ቃል እያለ ይህን መደናገር ማስቀጠል ተገቢ አይመስለንም።

“ዲሊት አደረገ” እና “ፎርማት አደረገ” የሚሉት የመንገድ አነጋገሮችም ሊጤኑ ይገባል። በባዕድ ቃል መጠቀም በራሱ ነውር ነው አንልም። “ፎርማት” በጥገና ሱቆች ሁሉ የታወቀ ስለሆነ ሊነቀል የሚገባው አይመስለንም። ነገር ግን “ፈጣን” ወይም “ሙሉ” ከሚል ቅጽል ጋር ካልተነገረ፣ ከዚያም በሙሉው ፎርማት ምን እንደሚፈጸም ካልተገለጸ፣ ለተናጋሪውም ለሰሚውም ባዶ ቃል ነው።

5. ከብራና ጸሐፊ ጠረጴዛ

ከላይ እንደተመለከተው የሚፈለገው፣ በደረጃ የሚለያዩና ልዩነታቸውን አንባቢ ያለ ማብራሪያ ሊገምተው የሚችል ግሦች ናቸው። በእኛ አስተያየት እነዚህ ግሦች ሠረዘ፣ ፋቀ እና ደመሰሰ ናቸው።

ሠረዘ። ከዚህ ግሥ “ሠረዝ” የሚለው ስም ይገኛል። ነጠላ ሠረዝና ድርብ ሠረዝ ተብለው ሥርዓተ ነጥቦች የተሰየሙት በእርሱ ነው። የግሡ መሠረታዊ ትርጉም በጽሑፍ ላይ ጭረት ማድረግ ነው። በብራና መጻሕፍትም በስሕተት የገባ ቃል “ይህ አይነበብ” ለማለት በጭረት ተለይቶ ይገኛል። ከስም ዝርዝር የተሠረዘ ሰው ስሙ ከጭረቱ ሥር ይነበባል። እንግዲህ “ሠረዘ” ሲባል ጽሑፉ እንዳለ ሆኖ ከተቈጣሪነት ወጣ ማለት ነው። ይህ በማውጫ ላይ ከሚፈጸመው ተራ ተግባር ጋር ፈጽሞ የሚገጥም ትርጉም ነው። “ሠርዤዋለሁ፤ ስለዚህ ከሥሩ ይነበብ ይሆናል” የሚለው ግምት በራሱ በአማርኛው ውስጥ አለ።

ፋቀ። ብራና ጸሐፊ የሳተውን ቃል በምላጭ ወይም በካራ ፍቆ በቦታው ሌላ ይጽፋል። መጽሐፍ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ፣ በጸሎቱ መካከል የገባው የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ሲጻፍበት በብዙ የአገራችን የብራና መጻሕፍት ይታያል። አሮጌ ኮምፒዩተር ለሌላ ሲሰጥ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ዕቃው ይኑር፣ ለሌላም ያገልግል፤ የቀድሞው ባለቤት ጽሑፍ ግን በላዩ አይገኝ። በዚህም ላይ “ፋቀ” ወሰኑን አይደብቅም። የተፋቀ ብራና በጥሩ ብርሃን ሲታይ አንዳንድ ጊዜ አሮጌውን ቃል ያሳያል። በ13ኛው መቶ ዓመት ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ የተጻፈበት የአርኪሜዴስ ድርሳን፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 በኋላ በልዩ ልዩ የብርሃን ዐይነቶች በተነሡ ፎቶግራፎች ሊነበብ ችሏል። ስለዚህ “ፋቀ” ከተራ አንባቢ የሚሠውር፣ ከላቀ ቤተ ሙከራ ግን ለመሠወሩ ዋስትና የማይሰጥ ተግባርን ሊያመለክት ይገባዋል። ይህም ከላይ የጠቀስነው መመሪያ የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

ደመሰሰ። ይህ ግሥ ከግእዙ “ደምሰሰ” ጋር አንድ ሲሆን ፋና ሳያስቀሩ ማጥፋትን ያመለክታል። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ውስጥ ያለው አገባቡ ለያዝነው ጉዳይ ልዩ ብርሃን ይሰጣል። አዳምና ሔዋን ለዲያብሎስ የሰጡት የዕዳ ደብዳቤ በሁለት ቅጅ ተጽፎ አንዱ በዮርዳኖስ፣ ሁለተኛው በሲኦል ተቀብሮ እንደነበረ ይተረካል። ክርስቶስም አንዱን በጥምቀቱ፣ ሌላውን ወደ ሲኦል በመውረዱ ደመሰሰ ይባላል። በዚህ ትምህርት ደብዳቤው ተደመሰሰ የሚባለው ሁለተኛው ቅጅም ሲጠፋ ነው። አንድ ኤስኤስዲ ከተጠቃሚው ዐይን በተሰወሩ ሕዋሶች ቅጅ ሊያስቀር እንደሚችል ስናስብ፣ የዚህ ግሥ ክብደት የሚገባበት ቦታ ይታየናል። ተደመሰሰ ሊባል የሚገባው በዲስኩ ውስጥ የተሰወረውም ቅጅ እንዳይነበብ ከተደረገ ብቻ ነው። በሌላ ዲስክ ወይም በርቀት በሚገኝ ማከማቻ የተቀመጠ ቅጅ ካለም፣ “ዲስኩ ተደመሰሰ” እንጂ “መረጃው ተደመሰሰ” ማለት አይቻልም።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛ፤ “ፋቀ” ክብረ ነክ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች “ፋቂ” እየተባሉ ይሰደቡ እንደነበር የታወቀ ነው። ይህን ቀላል አድርገን አናየውም። ትእዛዝ በሴት አንቀጽ ሲነገር “ፋቂ” የሚል ቅርጽ መስጠቱም አለ። ይሁን እንጂ ነውሩ የሰው ስም ከተደረገው ቅርጽ ላይ እንጂ ከግሡ ላይ አይደለም፤ የብራናው ሥራም የጥርሱም ንጽሕና በዚሁ ግሥ ሲነገር ኖሯል። መፍትሔው በገጾች ላይ ከትእዛዝ አንቀጽ ይልቅ በንኡስ አንቀጽ መጠቀም ነው። “መሠረዝ”፣ “መፋቅ”፣ “መደምሰስ” ተብሎ ቢጻፍ ስድቡን ከማስወገዱም በላይ፣ ሴት ተጠቃሚን በወንድ አንቀጽ ከማዘዝ ያድናል። ለፕሮግራሙ “መፋቂያ” የሚለው ስም የጥርስ መፋቂያን ያስታውሳል ለሚለው ደግሞ፣ የአንዱ መሣሪያ ስም ለሌላው መዋሉ በቋንቋ የተለመደ እንደሆነ እንመልሳለን።

ሁለተኛ፤ “ደመሰሰ” የጦር ሜዳ መግለጫ ቃል ሆኗል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያም ቢሆን ቃሉ የተመረጠው “ምንም አልተረፈም” ለማለት ነው። ለእኛ የሚያስፈልገንም ይኸው ነው። ተርጓሚው ለተራው “ዲሊት” ይህን ቃል ሲጠቀም ግን መግለጫው ከድሉ ይበልጣል።

ሦስተኛ፤ ተራ ተጠቃሚ ይህን ያህል ልዩነት አይፈልግም ይባል ይሆናል። እኛ በተቃራኒው እናስባለን። ልዩነቱን የሚያውቀው የኮምፒዩተር ባለሙያ በማንኛውም ቃል ቢነገረው አይሳሳትም። የሚሳሳተው ላፕቶፑን ለእኅቱ ልጅ የሚሰጠው፣ ወይም ለገዢ የሚሸጠው ተራ ሰው ነው። የስያሜ ጥራት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገለግለው እርሱን ነው።

አራተኛ፤ ቁልፍን በማጥፋት የሚፈጸመው ተግባር “ደመሰሰ” ሊባል ይገባዋልን? ጽሑፉ በቦታው ስላለ አይገባውም የሚሉ ይኖራሉ። እኛ የምንመርጠው የግሡን ተሳቢ ማስተካከል ነው። “ቁልፉን መደምሰስ” ብንል የተደመሰሰው ምን እንደሆነ በትክክል ተናገርን። ውጤቱን ከማውሳት በፊት ግን ጽሑፉ ከመጀመሪያው በምስጠራ የተጻፈ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚደመሰስ ቁልፍ የለም።

7. የምናቀርባቸው ስያሜዎች

ከላይ በተሰጡት ምክንያቶች የሚከተለውን ለውይይት እናቀርባለን።

ሠረዘ፤ የፋይልን ስም ከማውጫ አወጣ፤ ሥፍራውን ለሌላ ጽሑፍ ክፍት አደረገ። የሚቀረው፦ ይዘቱ፤ ሌላ እስኪጻፍበት ወይም ዲስኩ ራሱ እስኪያጸዳው ድረስ ሊመለስ ይችላል።

ፎርማት አደረገ፤ ማውጫውን አዲስ አድርጎ ዘረጋ። ዘወትር “ፈጣን” ወይም “ሙሉ” የሚል ቅጽል ይጨመርለት። የሚቀረው፦ በፈጣኑ ይዘቱ ሁሉ፤ በሙሉው እንደ ሥርዓቱ ዕድሜ ይለያያል።

ፋቀ፤ ተጠቃሚው ሊደርስበት በሚችለው የዲስኩ ሥፍራ ሁሉ ላይ ሌላ ምልክት ጻፈ። የሚቀረው፦ በኤስኤስዲ በተሰወሩ ሕዋሶች ውስጥ ያለ ቅጅ።

ደመሰሰ፤ በዲስኩ በራሱ የመደምሰሻ ትእዛዝ ወይም የምስጠራውን ቁልፍ በማጥፋት መረጃው በላቀ ቤተ ሙከራ እንኳ እንዳይመለስ አደረገ። የሚቀረው፦ ዲስኩ፤ በሌላ ሥፍራ የተቀመጠ ቅጅም ካለ እርሱ።

አወደመ፤ ዲስኩን ፈጨ፣ አቀለጠ ወይም አቃጠለ። የሚቀረው፦ ለሌላ የሚሰጥ ዲስክ የለም።

ይቅር፤ የተጀመረን ተግባር ለመተው። “ሠረዘ” በዚህ ቦታ አይግባ።

አጠፋ፤ መሣሪያን ከኀይል አቋረጠ። ለመረጃ አይዋል።

አንባቢ እንደሚያየው በአብዛኞቹ መግለጫዎች ውስጥ “የሚቀረው” የሚል ክፍል አስገብተናል። መዛግብተ ቃላት የማጥፋትን ግሥ ሲተረጉሙ የጠፋውን ይናገራሉ፤ የቀረውን መናገር አልተለመደም። ለዚህ የቃላት ክፍል ግን ተጠቃሚው ሊያውቀው የሚገባው የቀረውን ስለሆነ፣ አዘጋጆች ይህን ክፍል እንዳይተዉት እናሳስባለን።

8. ማጠቃለያ

አሮጌ ኮምፒዩተሩን ለሌላ ሊሰጥ ያሰበ ሰው በአማርኛ ሊነገረው የሚገባው እንግዲህ ይህ ነው። መረጃዎን መሠረዝ አይበቃም። ዲስኩ መግነጢሳዊ ከሆነ ይፋቁት፤ ኤስኤስዲ ከሆነ በራሱ ትእዛዝ ይደምስሱት፤ በውስጡ ለማንም ሊደርስ የማይገባ ምስጢር ካለ ኮምፒዩተሩን ይስጡ፣ ዲስኩን ግን አውጥተው ያውድሙት። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ለሕዝብ እንግዳ የሆነ ግሥ አንድም የለም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ግሥ የየራሱን ተግባር ያመለክታል። “አጠፋ” ብቻውን ይህን ሊሠራ አልቻለም።

በተርጓሚዎችና በመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች እጅ የሚገኙ መመሪያዎች በዚህ መልክ ቢታረሙ ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየመመሪያው “አጠፋ” የሚለውን ፈልጎ፣ “ምን ቀረ?” ብሎ ጠይቆ፣ ለመልሱ የሚስማማውን ግሥ መተካት ነው። ከአሠራር ልምዳቸው የተለየ ሐሳብ ያላቸው የሥራ ባልደረቦች፣ በተለይም በስልክና በኮምፒዩተር ገጾች ትርጉም ላይ የተሰማሩት፣ አስተያየታቸውን በዚሁ መጽሔት ቢያካፍሉን ስያሜዎቹ ከመጽደቃቸው በፊት ለማረም ይረዳናል።